ዓለማየሁ እሸቴ እና 1960ዎቹ፦ በሸክላ ላይ የቀረ የዘመን መልክ

በአርማጭሆና በአካባቢው ያለፈ ዘመን ከሚታወስባቸው መንገዶች አንዱ ዘፈን ነው። ሽማግሌ ሲያወጋ ዓመተ ምሕረቱን ቢስት እንኳ በዚያ ዓመት ይዘፈን የነበረውን አይስትም። የደቦው ዘፈን አዝመራው እንዴት እንደነበር ይናገራል። ቀረርቶና ፉከራው ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ ያስታውሳል። አዝማሪው በሰርግ ቤት የሚያወርደው ግጥም ደግሞ ሕዝቡ ስለ ሹሙ ምን ያስብ እንደነበር በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ያቆያል።

ከተማም የራሱ ማስታወሻ አለው። በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ የከተማው ስሜት፣ ምኞትና ፋሽን የተቀረጸው በሸክላ ላይ ነው። ከዚያ ዘመን ድምፃውያን መካከል ስማቸው ቀድሞ ከሚነሳው አንዱ ዓለማየሁ እሸቴ ነው። በፀጉር አበጣጠሩ፣ በአለባበሱና በመድረክ እንቅስቃሴው “የኢትዮጵያው ኤልቪስ” ተብሏል፤ በጩኸት በሚታጀበው ብርቱ ድምፁ ደግሞ ከአሜሪካዊው ጄምስ ብራውን ጋር ተነጻጽሯል።

ሥራዎቹ እንደ ዘመን ሰነድ ሲታዩ ብዙ ይናገራሉ። የዚያ ዘመን ከተሜ ወጣት ከውጭ ምን እንደወሰደ፣ ከአባቶቹ ምን እንዳስቀረ፣ ነገን እንዴት አድርጎ ይመኝ እንደነበር ያሳያሉ። ያላነሡት ጉዳይም ቢሆን፣ በተለይ የገጠሩ ኑሮ፣ ስለ ዘመኑ ይመሰክራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ሆሊውድ የተነሣው ልጅ

ዓለማየሁ እሸቴ በ1933 ዓ.ም በጅማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በአዲስ አበባ ነው። ልጅነቱ የአሜሪካ ፊልሞች በመዲናዋ ሲኒማ ቤቶች በብዛት መታየት ከጀመሩበት ጊዜ ጋር ገጠመ። በነጩ መጋረጃ ላይ ያየውን ኤልቪስ ፕሪስሊን በአለባበስም በአዘፋፈንም መከተል ጀመረ፤ በትምህርት ቤት ጓደኞቹ ፊትም የእንግሊዝኛ ዘፈኖችን ያንጎራጉር ነበር።

የሲኒማው ፍቅር ከዚያም አልፎ ከቤት አስኮበለለው። ሆሊውድ ለመድረስ ቆርጦ፣ በመንገድ ያገኘውን መኪና እየለመነ፣ መርከብ ወደሚገኝበት ወደ ኤርትራ ወደብ ተጓዘ። ወሬው እናቱ ዘንድ ደርሶ ጉዞው ሳይሳካ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ታሪኩ የአንድ ልጅ ጀብዱ ቢመስልም በውስጡ የአንድ ትውልድ ስሜት አለ። ከአባቶቹ በፊት ያልታየ ሩቅ ዓለም በሲኒማና በሬዲዮ ደጁ ድረስ የመጣለት የመጀመሪያው ወጣት ይህ ነበር።

ወደ ሆሊውድ ያልደረሰው ልጅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ተቀጠረ። በሀገሪቱ ዘመናዊ ሙዚቃን ከሚጫወቱ ታላላቅ ተቋማት አንዱ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሮክ ኤንድ ሮል በየት በኩል ገባ?

ሮክ ኤንድ ሮል በአሜሪካ የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ነው። ሥሩ የጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝና የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲሆን በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በከበሮና በፈጣን ምት ይታወቃል። የወጣት ሙዚቃ ነበር፤ ብዙ አሜሪካውያን ወላጆችም ልጆቻችንን ያሳምፅብናል ብለው ይፈሩት ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የገባው በበርካታ በሮች ነው። አንዱ ሲኒማ ነው። ሌላው በአስመራ የነበረው ቃኘው ስቴሽን የተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሲሆን፣ የሬዲዮ ጣቢያው የአሜሪካን ሙዚቃ ለከተማዋ ነዋሪ ጆሮ አድርሷል። በ1955 ዓ.ም የሰላም ጓድ ወጣቶች በመቶዎች ተቆጥረው በመምህርነት ሲመጡም ወደተመደቡባቸው ከተሞች ሸክላቸውንና ጊታራቸውን ይዘው ሄደዋል። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ከተማዋ የአህጉሩ የዲፕሎማሲ መዲና ስትሆን ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች በዙ፤ ለሙዚቀኞችም አዲስ የሥራ ገበያ ተከፈተ።

ይህ ሁሉ ሲመጣ ሀገሪቱ ባዶ እጇን አልጠበቀችም። በ1916 ዓ.ም አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ሙዚቃን በቤተ መንግሥት አቋቁመዋል። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ የብዙ ኦርኬስትራዎች አሠልጣኝ ሆነ። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ዘመናዊ ሙዚቃ መጫወት በአብዛኛው የወታደር ሥራ ነበር፤ ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ ባለ ዩኒፎርምና ትእዛዝ ተቀባይ ነው። ጥላሁን ገሠሠም ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ በመሆኑ ለእስር ተዳርጎ እንደነበር ይታወቃል።

ዓለማየሁ የተነሣው በእነዚህ ሁለት ዓለሞች መካከል ነው። ቀን የፖሊስ ኦርኬስትራ ድምፃዊ፣ ምሽት ግን ወጣቱን በዳንስ የሚያናውጥ የክበብ ዘፋኝ ሆነ። ዘመኑም እንዲሁ ነበር፤ አንድ እግሩ በቤተ መንግሥት ሥርዓት፣ ሌላው በአዲሱ የከተማ ሕይወት ላይ ቆሟል።

የውጭ ስልት፣ የሀገር ቅኝት

የዓለማየሁን ሙዚቃ በጥሞና ለሰማ ሰው ከኤልቪስ ጋር የሚያመሳስለው ከላይ የሚታየው ነው። ጊታሩ፣ ከበሮው፣ ሳክስፎኑና ጩኸቱ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ዜማው ግን በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው አምስት ድምፅ ባለው የሀገር ቤት ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች በክራርና በማሲንቆ እንደሚሰሙት ሁሉ በኤሌክትሪክ ጊታርም ተሰምተዋል። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ግጥሙም የሀገሬው አድማጭ የለመደውን የመውደድ፣ የመናፈቅና የመምከር መንገድ ይከተላል።

አርሶ አደር ይህን ከእርሻው ያውቀዋል። ከሌላ አገር የመጣ ምርጥ ዘር ከአገሬው ዝርያ ጋር ካልተዳቀለ አፈሩንና ዝናቡን ላይችል ይችላል፤ ሲዳቀል ግን የሁለቱንም ጠባይ ይዞ ይበቅላል። የ1960ዎቹ የከተማ ሙዚቃም የተዳቀለ ዝርያ ነበር፤ ከአሜሪካ ቀጥታ ተነቅሎ የተተከለ ቢሆን ኖሮ ዕድሜው ከፋሽኑ ባላለፈ ነበር።

በዚህ ማዳቀል ውስጥ የዓለማየሁ ትልቁ ባልደረባ የፒያኖ ተጫዋቹና የሙዚቃ አቀናባሪው ግርማ በየነ ነው። ሁለቱ በስማቸው “ዓለም-ግርማ” የተባለውን ባንድ መሠረቱ። የባንዱ መመሥረት ራሱ የዘመኑ ምልክት ነው። ከሠራዊት ኦርኬስትራ ውጭ በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ውል የሚሠሩ ሙዚቀኞች እየበዙ መጡ፤ ከወታደር ሙዚቀኛ ወደ ግል ሙዚቀኛ የተደረገው ሽግግር በ1960ዎቹ ዐይነተኛ መልኩን ያዘ።

ክልከላን ያለፈው ሸክላ

ያኔ ድምፅን ማሳተም ለማንም የተፈቀደ ሥራ አልነበረም። በ1940 ዓ.ም ገደማ በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ዘመናዊው ሙዚቃ በመድረክና በሬዲዮ ቢሞቅም በቂ ሸክላ አይታተምለትም፤ አድማጩ በገንዘቡ ሊገዛው ቢሻም ገበያ ላይ አያገኘውም።

ይህን ክልከላ የተዳፈረው በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው አምሃ እሸቴ ነው። ከዓለማየሁ ጋር የአባታቸው ስም ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም። አምሃ በመዲናዋ የሙዚቃ ሸክላ ይሸጥ ነበርና ወጣቱ ምን እንደሚፈልግ በየቀኑ ያያል። እ.ኤ.አ በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ድርጅት መሥርቶ የመጀመሪያውን ሸክላ በህንድ አሳተመ። በዚያ የመጀመሪያ ሸክላ ላይ የተቀረጸው ድምፅ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ “ትማርኪያለሽ” የተሰኘውም ዘፈኑ በዚሁ ይታወሳል።

አምሃ የፈራው ቅጣት አልደረሰበትም፤ በሩ ግን ተከፈተ። አምሃ ሪከርድስ ብቻውን እስከ 1967 ዓ.ም ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና ከአሥር በላይ ረጃጅም ሸክላዎችን አሳትሟል። ካይፋ ሪከርድስና ፊሊፕስም በዚሁ ገበያ ተሰለፉ። ዓለማየሁ በዚህ የሸክላ ዘመን ሠላሳ ያህል ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን እንዳሳተመ ይነገራል።

አንድ ነጋዴ ወጣትና አንድ ዘፋኝ የመንግሥትን ክልከላ ያለ ጠብመንጃ፣ በሸክላ አለፉት። ተማሪው በአደባባይ “መሬት ለአራሹ” እያለ በሚጠይቅበት ዘመን፣ በሙዚቃው መንደርም የቆየውን ሥርዓት የመጠየቅ መንፈስ እንደነበር ይህ ታሪክ ያሳያል።

የሚመክረው ሮክ

ከዓለማየሁ ሥራዎች መካከል የዘመኑን መንፈስ በግልጽ የሚያሳዩ ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው “አዲስ አበባ ቤቴ” ነው። በባላባትና በጭሰኛ፣ በአባት ርስትና በትውልድ ቀዬ በምትታወቅ አገር ከተማን “ቤቴ” ብሎ መጥራት ራሱ አዲስ ነገር ነበር። የአዲስ አበባ ነዋሪ አብዛኛው ከሌላ ስፍራ የመጣ ነው፤ ዘፋኙም ቢሆን የጅማ ተወላጅ ነው። ዘፈኑ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተሰባስቦ በአንድ ከተማ አዲስ ማንነት ያበጀውን ሕዝብ ስሜት ይዟል።

ሁለተኛው “ተማር ልጄ” ነው። ዘፈኑ ወላጅ ልጁን እንዲማር የሚመክርበት ሲሆን ምናልባትም ከሥራዎቹ ሁሉ በብዙ ኢትዮጵያዊ ልብ የቀረው ይህ ነው። እዚህ ላይ የኢትዮጵያው ሮክ ከአሜሪካው በግልጽ ይለያል። በአሜሪካ ሮክ ልጅ ከወላጁ ምክር የሚያመልጥበት ሙዚቃ ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን ፀጉሩን እንደ ኤልቪስ ያበጠረው ዘፋኝ ራሱ የወላጅን ቦታ ይዞ ይመክራል። አለባበሱን ያልወደዱለት አባትና እናት ምክሩን አልጠሉትም። የኢትዮጵያ ወጣት ከአባቱ ጋር በሸሚዝና በፀጉር ቢለያይም በትምህርት ዋጋ አልተለያየም ነበር።

ምክሩ የመጣበት ጊዜም ይታሰብ። ከአሥር ኢትዮጵያዊ ዘጠኙ ማንበብ የማይችልበት ዘመን ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ከተከፈተ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በጎንደርም የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም በሩን ከፍቷል። በትምህርት አልፎ ደመወዝተኛ መሆን ከጭሰኝነት መውጫ ጠባቡ መንገድ ነበር።

ተማር የተባለው ልጅም ተማረ። ተምሮም ጠየቀ። የ1957ቱን የመሬት ለአራሹ ሰልፍና ከዚያ በኋላ የተከተሉትን የተማሪ እንቅስቃሴዎች ያካሄደው ይኸው ተማር ተብሎ ያደገው ትውልድ ነው። ወላጅ ልጁን ለደመወዝ ሲያስተምር ትምህርቱ ልጁን ለጥያቄም አዘጋጀው።

ሸክላው ያልሰማው

የዚያን ዘመን ሸክላዎች ለሰማ ሰው ኢትዮጵያ ሁሉ በዳንስና በፍቅር ያለች ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ማጫወቻው ውድ ነው፤ መብራት ከዋና ዋና ከተሞች አልራቀም። አብዛኛው ገበሬ የዓለማየሁን ድምፅ ቢሰማ በገበያ ቀን፣ በከተማ ቡና ቤት ሬዲዮ ካልሆነ በቀር አጋጣሚው ጠባብ ነበር።

በሰሜን ምዕራቡ ቆላ በዚያው ዘመን ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። በሁመራና በአካባቢው ሰፋፊ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻዎች ተከፍተው ከጎንደርና ከትግራይ ደጋ ብዙ የቀን ሠራተኛ ለአረምና ለአጨዳ ወደ ቆላ ይወርድ ነበር። ያ ሠራተኛ ወባውንና ሙቀቱን ተቋቁሞ የሠራበትን ዘመን የሚያነሣው በእንጉርጉሮና በቀረርቶ ነው እንጂ በሸክላ አይደለም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም ወሎን የመታው ረሃብ ደግሞ ይህን ርቀት አደባባይ አወጣው። የአዲስ አበባ ክበቦች እየደመቁ ሳለ በሺህ የሚቆጠር ገበሬ በረሃብ አለቀ፤ መንግሥትም ሸሸገው። የዘመኑ የፍቅር ዘፈኖች ስለዚህ ምንም አይሉም። ሳንሱር ነበር፤ የገበያው ደንበኛም ከተሜው ነው። ይሁንና ዝምታው ራሱ በከተማና በገጠር መካከል የነበረውን ገደል ያሳያል። ገደሉን አብዮቱ በጉልበት ሊሞላው ተነሣ።

ሰዓት እላፊ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ንጉሡን አወረደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ስድሳ ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሠማሩ፤ የካቲት 25 ቀንም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ለጭሰኛው የዘመናት ጥያቄው መልስ ያገኘበት ዓመት ነው። ለከተማው ምሽት ግን የሰዓት እላፊ መጀመሪያ ነበር።

የሰዓት እላፊው ለዓመታት በመዝለቁ ክበቦች ተዳከሙ። ግጥም ሁሉ በሳንሱር አለፈ። አምሃ እሸቴ በ1967 ዓ.ም ሀገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ግርማ በየነም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዋልያስ ባንድ ጋር ለሙዚቃ ጉዞ በወጣበት አሜሪካ ቀረ። ሸክላ በ1970ዎቹ መግቢያ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ዓለማየሁ ግን አልተሰደደም፤ በሚፈቀድለት መድረክ እየዘፈነ ከቤተሰቡ ጋር ኖረ።

አብዮቱ አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን ከፍቷል። በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ የጎንደሩ ፋሲለደስና የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድኖች ከእነዚህ ናቸው። ቡድኖቹ የአብዮት መዝሙር እንዲያሰሙ ቢገደዱም ከሸክላው ዘመን ይልቅ የገጠሩን ዜማና እስክስታ ወደ ትልቅ መድረክ አመጡ። “ተማር ልጄ” የሚለው የወላጅ ምክርም የመንግሥት ዘመቻ ሆነ፤ በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየገጠሩ ለጎልማሳው ሳይቀር ፊደል አስቆጠረ፤ ከዩኔስኮም እውቅና አገኘ።

የዘገየ ክብር

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ ከ1997 ጀምሮ “ኢትዮፒክስ” በሚል ተከታታይ የድሮዎቹን ሸክላዎች በሲዲ ማሳተም ሲጀምር የዓለማየሁ ድምፅ እንደገና ተሰማ። የተከታታዩ ዘጠነኛ ቅጽ ለእርሱ ብቻ የተሰጠ ነው። እ.ኤ.አ በ2008 ዓለማየሁ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር በኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር አይዘር ኦርኬስትራ ከተባለው አሜሪካዊ ቡድን ጋር ተጫወተ። በልጅነቱ በመርከብ ሊደርስበት ያሰበው አገር፣ በስተርጅና በአማርኛ ዘፈኑ አጨበጨበለት።

ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም በአዲስ አበባ በ80 ዓመቱ አረፈ፤ ሕዝቡም በመስቀል አደባባይ ተሰናበተው። የመጀመሪያውን ሸክላውን ያሳተመለት አምሃ እሸቴ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ቀድሞት አርፎ ነበር።

ለዛሬው ምን ቀረ?

የዓለማየሁ ታሪክ ለሳንጃና ለአካባቢዋ አንባቢ ሁለት ነገር ይተዋል።

አንደኛው ምክሩ ነው። በአማራ ክልል በፀጥታ ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው የቅርብ ዓመታት፣ ልጅን ተማር ብሎ መምከር ከሃምሳ ዓመት በፊት ከነበረው ያነሰ ክብደት የለውም። ያኔ ወላጅ የቸገረው ትምህርት ቤት ሩቅ በመሆኑ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ቅርብ ያለው ተዘግቶበት ነው።

ሁለተኛው የመቅዳት ጉዳይ ነው። የ1960ዎቹ የከተማ ወጣት ዛሬ የሚሰማው አንድ ነጋዴ ደፍሮ ስላሳተመው ነው። በዚያው ዘመን በአርማጭሆ ሰርግ ቤት የተገጠመው፣ በሰሊጥ አጨዳ የተንጎራጎረው፣ በለቅሶ የተሞሸው ግን በአብዛኛው ሸክላ አላገኘም። የሚያስታውሱት ሰዎች አርጅተዋል። አሁን ሸክላ ለማሳተም ህንድ ድረስ መላክ፣ የመንግሥት ፈቃድም መጠየቅ አያስፈልግም፤ የእጅ ስልክ ይበቃል። የአያትን ቀረርቶ መቅዳት፣ ከቅጂው ጋርም ማን፣ የት፣ መቼና ስለ ምን እንዳለው ጽፎ ማስቀመጥ፣ ከልጅ ልጅ የሚጠበቅ ቀላል ሥራ ነው። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ የድሮ ካሴቶችም እርጥበትና አቧራ ሳይጨርሳቸው ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር ቢገለበጡ ለሚቀጥለው ትውልድ ይቆያሉ።

የከተማው 1960ዎቹ በዓለማየሁ እሸቴና በዘመን ጓደኞቹ ድምፅ ቀርቷል። የገጠሩ 1960ዎቹ አሁንም በሽማግሌዎች ጉሮሮ ውስጥ አለ፤ ጊዜው ግን አጭር ነው።